በመንገድ መካከል የሚቀርብ ምስጋና
(በኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ንግግር)



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ እንደ ተጻፈ የሃምሳኛው ዓመት በዓል ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ ምድር ታርፍ ነበር፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለስ፥ በድህነት ምክንያት ራሱን የሸጠ ሰውም ነጻ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ሃምሳኛው ዓመት ባለፈ ማግሥት ሃምሳ አንደኛው ይመጣል፤ ገበሬውም ሞፈርና ቀንበሩን አንሥቶ ወደ እርሻው ይሄዳል። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የመንገድ መጨረሻ አይደለም። መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ፥ ከብቱን አጠጥቶ፥ የመጣበትን ዘወር ብሎ አይቶ፥ የሚቀረውንም ገምቶ እንደ ገና የሚነሣበት ማረፊያ ነው። ለዚህ በዓል ስለ መንገድና በመንገድ ላይ ስለሚገኝ ምስጋና መናገር የተገባውም ስለዚህ ነው። የውጭ አገር ታሪክ በሚነሣበት ስፍራ ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ይረዳ።

የኢትዮጵያ ሰው መንገድ ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም። ወዳጆቹ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ይሉታል፤ እናቱም እግዜር ይከተልህ እያለች እስከ ደጅ ትሸኘዋለች። በቀድሞ ዘመን በበቅሎ የሚሄደው ሰው ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ ከበቅሎው ወርዶ፥ ተሳልሞ ያልፍ ነበር። በመሸበትም ስፍራ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፥ መሸብኝ፥ አሳድሩኝ ይል ነበር። ባለቤቱም ማን ነህ፥ ከየት መጣህ ብሎ ከመመርመሩ አስቀድሞ እግሩን አስጥቦ፥ ከቤት ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ይህን ሁሉ መልካም ልማድ ያስተማረው የመንገዱ ችግር ነው። ወንዝ ሲሞላ ያልቆመ፥ ስንቅ አልቆበት ያልለመነ መንገደኛ አልነበረምና፥ ሁሉም ዛሬ እንግዳ ተቀባይ፥ ነገ እንግዳ መሆኑን ያውቅ ነበር።

መኪናና ባቡር ከመጡ ወዲህ ግን ቀድሞ ወር ይፈጅ የነበረው መንገድ በአንድና በሁለት ቀን ያልቃል። ተሳፋሪውም ማንንም ሳይለምን፥ የማንንም ደጅ ሳይመታ ካሰበው ይደርሳል። ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ የታመመ ሰው ከሐኪም፥ እህልም ከራብተኛው ቶሎ ይደርሳልና የሚነቅፈው የለም። ይሁን እንጂ ማንንም ያልለመነ ሰው ማንን ያመሰግናል? ለትኬቱ ዋጋውን ከፍሏል፤ የገዛውንም ዕቃ ተቀብሏል። ከመኪናው ሲወርድ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ቃሉ ብዙ ጊዜ ከከንፈር የሚወጣ ልማድ ብቻ ሆኗል።

ሞተር ብስክሌት በበቅሎና በመኪና መካከል ያለ ነገር ነው። ፍጥነቱ የመኪና ነው፤ ነጂው ግን እንደ በቅሎ ተቀማጭ በገላጣ ስፍራ ተቀምጧል። ጀርመኖቹ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 የመጀመሪያውን በቤንዚን የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ሲሠሩ አካሉን ከእንጨት አድርገውት ነበር፤ በሙከራውም ጊዜ የሞተሩ ትኵሳት መቀመጫውን እንዳቃጠለው ይነገራል። ያን ጊዜ የተጀመረው ድካም ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ አልቀረም። ዝናቡ የነጂውን ደረት ይመታዋል፤ አቧራው ከጥርሱ ይገባል፤ በደጋው ብርድ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬኑን መያዝ ያቅተዋል፤ ቈላ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይቀበለዋል። ነገር ግን በመኪና የሚሄደው ሰው የማያገኘውን እርሱ ያገኛል። የታረሰውን መሬት ሽታ፥ ከየጎጆው የሚወጣውን ጢስ፥ የእረኛውን ዋሽንት ሳይቀር ያገኛል።

መንዳቱም ራሱ አንድ ትምህርት አለበት። ይህ መሣሪያ ሁለት ጎማ ብቻ ስላለው ሲሄድ እንጂ ሲቆም ራሱን አይችልም፤ በቆመ ጊዜ የነጂውን እግር ይፈልጋል። ደግሞ ዓይን ወዳየበት ያዘነብላል። ጉድጓዱን ፈርቶ ጉድጓዱን ትክ ብሎ የሚያይ ነጂ ከጉድጓዱ ይገባል፤ ለማለፍ የሚሻ ማለፊያውን ማየት አለበት። ከአሸዋ በገባም ጊዜ ደንግጦ ነዳጁን በድንገት የሚቀንስ ሰው የፊት ጎማው ይሰምጥበትና ይወድቃል፤ ሰውነቱን ወደ ኋላ አድርጎ፥ ልቡን አጽንቶ፥ ኃይሉን ሳይቀንስ የሚገፋ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጂ እንኳ ካንዴላው ቢበላሽ፥ ሰንሰለቱ ቢበጠስ፥ ጎማው ቢፈነዳ በበረሃ መካከል የሚቀር ብቸኛ ሰው ነው። ባለመኪናው መስኮቱን ዘግቶ ረዳት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ይህኛው የሚዘጋው መስኮት የለውም። መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ እርሱም መንገደኛውን ሁሉ ያያል።

በዚህ ነገር ስሙ የሚነሣ አንድ የእንግሊዝ አገር ጋዜጠኛ አለ፤ እርሱም ቴድ ሳይመን ነው። በ1973 ኦክቶበር 6 ቀን፥ ይኸውም በኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ 500 ሲሲ በሆነ ትራያምፍ በሚባል ሞተር ብስክሌት ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሣ። ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ። በዚያው ዕለት በግብፅና በሶርያ ከእስራኤልም ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ የእርሱም መንገድ በግብፅ ላይ የሚያልፍ ነበርና ገና ሲነሣ ፍርሃት ተቀበለው። ከሱዳን ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ኬንያ የሄደው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነው። በብራዚል፥ ወታደሮች አገሩን ይገዙ በነበረበት ጊዜ፥ ሰላይ ነህ ተብሎ ታሰረ። በ4 ዓመት ውስጥ 45 አገሮችን አይቶ፥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በ1977 ተመለሰ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አሳተመ።

ይህ ሰው በመጀመሪያ በየኬላው የሚያስቈሙትን፥ በየመንገዱ የሚበላሸውን ሁሉ እንደ ኪሳራ ይቈጥረው ነበር። ኋላ ግን ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን ተረዳ። ጉዞውን ያቋረጠው የመሰለው ነገር ጉዞው ራሱ ነበር። መሣሪያው ባይበላሽ ኖሮ ያ ሰው ከቤቱ አያስገባውም ነበር፤ ባይርበው ኖሮ ያች ሴት እንጀራዋን አትቈርስለትም ነበር። አቧራ ለብሶ፥ ደክሞ፥ ብቻውን ስለ መጣ ሰዎች አልፈሩትም፤ እርሱም እነርሱን መፍራት ቀስ በቀስ ተወ። ዕድሜው 69 ዓመት በሆነ ጊዜ በ2001 ያንኑ መንገድ እንደ ገና ጀመረው፤ በኬንያ ወድቆ እግሩ ቢሰበርም ድኖ ጉዞውን ፈጸመ። ሳይመን ሰባኪ አይደለም፤ የሃይማኖት መጽሐፍም አልጻፈም። ነገር ግን የማያውቀውን ሰው አምኖ መተኛትን ተማረ። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ያህል ባልንጀራውን ያምናልን? ብዙ ጊዜ በር የሚዘጋው፥ ውሻም የሚያስረው፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጸልይ ሰው ነው።

በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈው ታሪክም ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። ወጣቱ ጦብያ ዕውሩ አባቱ ወደ ሜዶን አገር በላከው ጊዜ መንገድ የሚያውቅ ሰው በደመወዝ ቀጠረ፤ ውሻውም ሳይቀር ተከትሏቸው ሄደ። አብሮት የሄደው ቅዱስ ሩፋኤል መሆኑ የታወቀው ግን ገንዘቡ ከመጣ፥ ጋብቻው ከተፈጸመ፥ የአባቱም ዓይን ከበራ በኋላ ነው። በመንገድ ሳሉ ጦብያ ያየው አንድ ደግ መንገድ መሪ ብቻ ነበር። የጳጉሜን 3 ቀን በዓል ሲከበር ይህ ነገር ሊታሰብ ይገባል። መልአኩ መልአክ ነኝ ብሎ ቢመጣ ኖሮ ጦብያ ይሰግድለት ነበር እንጂ፥ ከእርሱ ጋር ከአንድ ማዕድ ቈርሶ ዓሣ ባላጠመደም ነበር።

እስከዚህ የተነገረው የደረሰ ሰው ታሪክ ነው። ደርሶ ማመስገን ደግሞ ለማንም አይከብድም። ያልደረሰውስ? ልጁ በመንገድ የሞተበት አባት፥ የጎረቤቱ ልጅ በሰላም ገብቶ በቤቱ እልል ሲባል በሰማ ጊዜ፥ ምን ብሎ ያመስግን? እግዚአብሔር ያንን ጠበቀው ከተባለ ይህንን ስለ ምን አልጠበቀውም? ይህ ጥያቄ በየለቅሶው ቤት ውስጥ አለ። ሰው ግን በነውር እንደ ተሸፈነ ቍስል ደብቆ ይዞት ይኖራል እንጂ በጉባኤ አያነሣውም። በኢዮቤልዩ በዓል ላይ የማይነሣ ከሆነ ወዴት ይነሣል? ባለፉት ዓመታት በዚህ ቅጥር ውስጥ የተጠመቁት ልጆች ሁሉ ዛሬ በዚህ ጉባኤ አይገኙም።

ኒል ፔርት የሚባል ካናዳዊ ነበር፤ በአገሩና በብዙ ዓለም የታወቀ ከበሮ መች ነው። በ1997 ኦገስት የ19 ዓመት ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ በመኪና አደጋ ሞተች፤ ሌላ ልጅ አልነበረውም። ከ10 ወር በኋላ የልጅቱ እናት በካንሰር ሞተች። የባልና የሚስቱ ቤት ባዶ ሆነ። ሰውየው የሥራ ባልንጀሮቹን ከእንግዲህ ወዲህ እንዳይጠብቁት ነግሯቸው ነበር። በ1998 ኦገስት 20 ቀን በኩቤክ ከሚገኘው ቤቱ ቢ.ኤም.ደብልዩ በሚባል ሞተር ብስክሌት ተቀምጦ ወጣ። የሚሄድበትን አልወሰነም ነበር፤ የሚያውቀው ተቀምጦ መቅረት እንደማይችል ብቻ ነው። ካናዳን ወደ ምዕራብ አቋረጠ፤ በሰሜን እስከ አላስካ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ተመልሶ ሜክሲኮንና ቤሊዝን አየ። በ14 ወር ውስጥ 88,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ።

በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ሐዘን ለደረሰበት ሰው ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰብለታል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ብቻውን መንገድ እንዲወጣም የሚፈቅድለት የለም። ይህ ልማድ ትልቅ ጥበብ አለበት፤ ማንም እንዳይተወው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት ዕድርተኛውም አያውቀውም። ፔርት ጉዞውን በጻፈበት መጽሐፉ የገዛ ነፍሱን እንደ ታናሽ ሕፃን ቈጥሯት፥ እንዲህ ያለችውን ነፍስ የሚያባብላት መሄድ መሆኑን ገልጧል። ይህን ነገር በዚህ አገር ያለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የሚያለቅሰው ልጅ ጡት አልይዝ ባለ ጊዜ አዝላው ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ምንም የምትነግረው ምክንያት የላትም፥ እሹሩሩ ከማለት በቀር። ልጁ የሚተኛው ነገሩ ስለ ገባው አይደለም።

ፔርት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ አላለም፤ በሃይማኖት የሚኖር ሰውም አልነበረም። ውሸት ጨምሮ አማኝ ማድረግ ለሞተው ሰው ክብር አይሆንም፥ ለቤተ ክርስቲያንም አይጠቅማትም። የሠራው ነገር ግን መታሰብ ይገባዋል። በየማደሪያው ለወዳጁ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ያየውን ወፍ፥ የተሻገረውን ተራራ፥ መልካሙን መንገድ በቀን መጽሐፉ ያሰፍር ነበር። ልቡ በተሰበረ ሰው ዘንድ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድን መልካም ነገር መልካም ነው ብሎ መመስከር የምስጋና መጀመሪያ ነውና፤ እርሱ መጀመሪያውን ይዟል፥ ስሙን ግን አልጠራውም። ኋላ በ2000 እንደ ገና አገባ፤ ወደ ከበሮውም ተመለሰ፤ በ2009 ሴት ልጅ ተወለደችለት። በ2020 ጃንዋሪ 7 ቀን በአንጎል ካንሰር ሞተ።

የኋለኛዪቱ ልጅ የፊተኛዪቱ ምትክ አልነበረችም። ማንም ልጅ የማንም ምትክ አይሆንም። በመጽሐፈ ኢዮብ ፍጻሜ የተጻፈውን የሚያስተውል ሰው ይህን ያገኛል። ከመከራው በኋላ የኢዮብ በጎች፥ ግመሎች፥ በሬዎችና አህዮች ከቀድሞው እጥፍ ሆኑለት፤ ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ብቻ ሆኑ። ልጆቹ ስለ ምን እጥፍ አልሆኑም ብለው የጠየቁ መምህራን፥ ከብቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፥ የሞቱት ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፉም፤ ስለዚህ ከኋለኞቹ ጋር ሲቈጠሩ እጥፍ ናቸው ብለው ተርጕመዋል። እንዲህ ከሆነ ያዘነ ሰው ተመስገን ሲል ሐዘኔ ተከፈለልኝ ማለቱ አይደለም። የጠፋው ገና በቍጥር ውስጥ አለ ማለቱ ነው። እምነትም ያለው በዚህ ላይ ነው እንጂ ባለፈ ነገር ደስ በመሰኘት አይደለም።

በሌላ መንገድ ደግሞ ሐዘኑን የተሸከመ ሰው አለ። ፓውል ሹልተ በ1895 በጀርመን አገር በማግደቡርግ የተወለደ፥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ነጂነት ያገለገለ፥ ኋላም የካቶሊክ ቄስ የሆነ ሰው ነው። ባልንጀራው ኦቶ ፉርማን ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር፥ በሰሜን በኩል በኦቫምቦላንድ፥ ወንጌል ያስተምር ነበር። በ1925 ታመመ። ሐኪም ከነበረበት ስፍራ ቶሎ የሚያደርሰው መጓጓዣ ስላልነበረ፥ በሩቅ መንገድ ተጕላልቶ ሞተ። የገደለው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ የመንገዱ ርዝመትም ነው።

ሹልተ በ1927 ሚቫ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ሥራ ምእመናን ከሚያዋጡት ገንዘብ በሩቅ አገር ለሚያገለግሉ ሰዎች መኪና፥ ሞተር ብስክሌት፥ ጀልባና አውሮፕላን መግዛት ነበር። ራሱም እየበረረ ሕሙማንን ያመላልስ ስለ ነበረ የሚበረው ቄስ ተባለ። አስደናቂው ነገር ይህ ነው። ባልንጀራው እንዲተርፍ የሚያስፈልገው አንድ ሞተር ብቻ ነበር፤ ያች አንዲት ሞተር ስላልተገኘች ስንቱ ሞተር ለስንቱ ሰው ተገኘ! ይሁን እንጂ ፉርማን የሞተው ይህ እንዲሆን ነው ብሎ ማንም ደፍሮ አይናገር። እንዲህ ያለ ፍርድ የሰው አይደለም፤ ለሟች እናትም መጽናኛ አይሆንም።

በኦስትሪያ በ1949 የተመሠረተው የዚሁ ማኅበር ቅርንጫፍ ያስለመደው አንድ ሥርዓት አለ። በምዕራባውያን ዘንድ የመንገደኞች ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ በሚታሰብበት በሐምሌ ወር፥ ነጂዎች ያለ አደጋ ለነዱት ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የአንድ ሳንቲም አሥረኛ እጅ ያዋጣሉ። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር በሰላም የነዳ ሰው 10 ዩሮ ይሰጣል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የፔርት መንገድ ሁሉ ቢቈጠር 88 ዩሮ ይሆናል። ገንዘቡ ጥቂት ነው። አቈጣጠሩ ግን ጥበብ አለበት፤ ደረስሁ ብሎ አንድ ጊዜ ከማመስገን ይልቅ፥ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ያልተገባው ስጦታ አድርጎ ያስቈጥራልና። በተዋጣውም ገንዘብ ሞተር ብስክሌትና መኪና ብቻ ሳይሆን፥ ጎማ በማይገባበት አገር በቅሎና አህያ ሳይቀር ይገዛል። እንግዲህ ያልደረሰውስ ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ በቃል የሚሰጥ መልስ ባይገኝ፥ በእጅ የተሰጠ መልስ እነሆ። የደረሰው ሰው ምስጋና ላልደረሰው መሄጃ ሆነለት።

በኢትዮጵያም የመንገድ ምስጋና ትልቅ ስፍራ አለው። የቍልቢ ገብርኤልን የሚያህል ምስክር የለም። ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። አንዱ በእግሩ፥ አንዱ በመኪና፥ አንዱም በሞተር ብስክሌት ይመጣል፤ ስለቱ የደረሰላት ሴት ልጇን ታቅፋ፥ ጃንጥላዋን ይዛ ትመጣለች፤ ደንጊያ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። ይህ ሕዝብ መንገዱ ራሱ መሥዋዕት መሆኑን ያውቃል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ መናገር ያስፈልጋል። ስለት ውለታ መክፈያ ሲሆን መልካም ነው፤ አንዳንድ ሰው ግን እንደ ገበያ ውል ያደርገዋል፤ ከሆነልኝ እመጣለሁ፥ ካልሆነልኝ እቀራለሁ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ምስጋናን የሚያውቃት በመድረሻ ብቻ ነው፤ በመንገድ ቢያገኛት አያውቃትም።

በሉቃስ ወንጌል የተጻፉት ዐሥሩ ለምጻሞች ይህን ያስረዳሉ። ጌታ በሰማርያና በገሊላ መካከል ሲያልፍ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው። በታዘዙ ጊዜ ገና አልነጹም ነበር። ለምጻቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ፤ ሲሄዱም ነጹ። ዐሥሩም እምነት ነበራቸው፤ ያላመነ ለምጻም ለምጹን ይዞ ወደ ካህን አይሄድምና። ዘጠኙ ወደ ታዘዙበት ሄዱ እንጂ የሠሩት ሌላ ክፉ ሥራ አልተነገረም፤ ሰው ዘጠኙን ሲነቅፍ ይህን ይርሳው ዘንድ አይገባም። አንዱ ሳምራዊ ግን መንገዱን ሳይፈጽም ከመካከል ተመለሰ። እንደ ሳይመን መንገዱ ተቋረጠ፤ በተቋረጠውም መንገድ ላይ የሰጠውን አገኘው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ በመርከብ ሲወሰድ ማዕበል ተነሣ፤ ፀሐይና ከዋክብት ብዙ ቀን ሳይታዩ ቀሩ፤ ተስፋም ሁሉ ተቈረጠ። በዐሥራ አራተኛው ሌሊት፥ ምድር ገና ሳይታይ፥ መርከቢቱም ገና ሳትሰበር፥ በ276 ሰዎች ፊት እንጀራ አንሥቶ አመሰገነና ቈርሶ በላ። ያን ጊዜ የሚያመሰግንበት ነገር ምን ነበረ? ከእጁ ካለው እንጀራ በቀር የሚታይ አልነበረም። ሌሎቹም አይተውት ልባቸው ጸና፥ በሉም። በነጋ ጊዜ መርከቢቱ ተሰበረች፤ የሚዋኘው ዋኝቶ፥ የማይዋኘው በሳንቃ ተጣብቆ ሁሉም ከባሕሩ ወጡ።

በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር ከርመው ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ፤ ከወደቡም በእግር ተነሡ። የሄዱበት መንገድ የአፒያ መንገድ የሚባለው ነው፤ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት መሥራት የጀመሩት ነው። የሮሜ ምእመናን መምጣቱን ሰምተው እስከ አፍዩስ ፋሩስና ሦስት ማደሪያ እስከሚባሉት ስፍራዎች ወጥተው ተቀበሉት። ከፊቱ የቄሣር ፍርድ ነበረ፤ እጁም በሰንሰለት ነበረ። በዚያ አቧራ በለበሰ መንገድ ላይ የወንድሞቹን ፊት ባየ ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነ፥ ልቡም ተጽናና። ከሦስት ማደሪያ እስከ ሮሜ ገና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀር ነበር።